190,000 ደንበኛ በቅዳሜና እሁድ ማስገባት ይቻላል?

የሌሊት ፈረቃ

ሰላም ለሁላችሁ። በጣም ያስጨነቀኝ ነገር ስለሆነ ትንሽ ዘርዘር አድርጌ ልጻፈው።

ድርጅታችን ከድሮው ሲስተም ወጥቶ ወደ ኦዱ (ሽያጭ፣ መጋዘንና ሂሳብን በአንድ የሚይዝ የድርጅት ሶፍትዌር) እየገባ ነው። ዳታውን የማዛወር ሥራ የተሰጠው ለኔ ነው። ደንበኞች 190,000፣ ዕቃዎች 64,000፣ ያልተከፈሉ ደረሰኞች 23,000 አካባቢ ናቸው። ቅያሬው ዓርብ ማታ ሥራ ሲያበቃ ይጀምራል። ሰኞ ጠዋት ሁሉም ሰው አዲሱ ላይ መሥራት አለበት። በመሃል ያለኝ 60 ሰዓት ነው። የገባውን የማረጋግጥበት ጊዜም ከዚሁ ላይ ነው የሚቀነሰው።

ባለፈው ሳምንት ቴስት ሰርቨር ላይ 10,000 ደንበኛ አስገብቼ ሞከርኩ። 1 ሰዓት ከ50 ደቂቃ ፈጀ። በዚህ ሂሳብ 190,000ው 35 ሰዓት ገደማ ይወስዳል። ዕቃውና ደረሰኙ ገና አልተነካም።

አሠራሬ እንዲህ ነው። መጀመሪያ ከስክሪኑ ላይ ፋይል በመጫን ሞከርኩ። ፋይሉ ሲተልቅ 2 ደቂቃ ላይ እየተቋረጠ አስቸገረኝ። ስለዚህ ፓይተን ስክሪፕት ጻፍኩ። ሲኤስቪውን (የሰንጠረዡን የጽሑፍ ፋይል) ያነባል፣ በኤክስኤምኤል አርፒሲ (ኦዱን ከውጭ በኔትወርክ መጥሪያ መንገድ) አንድ በአንድ ይመዘግባል። ከመመዝገቡ በፊት የደንበኛውን ምድብ፣ አገርና የሽያጭ ሠራተኛ በስም ይፈልጋል። ደንበኛው ቀድሞ ገብቶ እንደሆነም በስም ያጣራል።

አንድ ያልገባኝ ነገር አለ። ሎጉን ሳየው የመጀመሪያው 1,000 በ4 ደቂቃ ነው የገባው። የመጨረሻው 1,000 ግን 18 ደቂቃ ፈጅቷል። ሰርቨሩ 8 ኮርና 32 ጊጋ ራም አለው። ሥራው ሲሄድ አንዱ ኮር ብቻ ነው የሚጨናነቀው፣ ሌሎቹ ሥራ ፈትተው ነው የሚያድሩት።

ሰርቨሩን ላሳድግ? ወይስ ኢምፖርቱን ትቼ ቀጥታ ዳታቤዙ ውስጥ በኤስኪውኤል (በዳታቤዙ በራሱ ቋንቋ) ልጨምረው? ሁለተኛው በጣም እያማለለኝ ነው። ከዚህ በፊት ያለፈበት ሰው ካለ እባካችሁ።

ባለ ሁለት ስክሪን

ወንድሜ፣ 2 ደቂቃ ላይ የሚቋረጥብህ የኦዱ የጊዜ ገደብ ነው። ለአንድ ጥያቄ የሚሰጠው ጊዜ ካልቀየርከው 120 ሰከንድ ነው። ኮንፊግ ፋይሉ ላይ ለኢምፖርቱ ብለህ ከፍ አድርገው፣ ስትጨርስ መልሰው። ፍጥነቱን በተመለከተ ግን እኔ ብሆን ራሙን 64 አድርጌ ፋይሉን 8 ቦታ እከፍለውና ስምንቱንም ባንዴ አስነሳለሁ።

የሌሊት ፈረቃ

አመሰግናለሁ። እህትህ ነኝ። ገደቡን አላውቅም ነበር። 8 ቦታ መክፈሉን ግን ዛሬ ጠዋት ሞክሬዋለሁ። ለትንሽ ደቂቃ ፈጠን አለ። ከዚያ በኋላ «በሌላ ዝማኔ ምክንያት ማስተካከል አልተቻለም» ዓይነት ስህተት እየተደራረበ መጣ። የትኛው ገብቶ የትኛው እንደቀረም መለየት አቃተኝ።

ቆጥሮ ተረካቢ

እህቴ፣ ሰርቨሩን ተይው። አንድ ኮር ብቻ ነው የሚሠራው ብለሻል። 8 ተጨማሪ ኮር ብትገዢለት 15 ኮር ሥራ ፈትቶ ያድራል፣ ሌላ የሚለወጥ ነገር የለም።

እኔን ያስደነገጠኝ 18 ደቂቃው ነው። 35 ሰዓት ያልሽው ሁሉም 1,000 እኩል ጊዜ ይፈጃል ብለሽ ነው። ሎግሽ ግን ሌላ ነገር ነው የሚለው። ከ4 ተነስቶ አሥረኛው ላይ 18 ደርሷል። በየ1,000ው አንድ ደቂቃ ተኩል ገደማ እየጨመረ ነው። ጭማሪው በዚሁ ከቀጠለ የመጨረሻው 1,000 ብቻውን 5 ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ጠቅላላው ወደ 20 ቀን ይሄዳል። ሁለቴ ደምሬዋለሁ። ስለዚህ ይህን ነገር ሳታገኚ ዓርብን እንዳትጀምሪ።

ሁለት የተለያየ ችግር ነው ያለብሽ። አንዱ መነሻው ራሱ 4 ደቂቃ መሆኑ ነው፣ ሌላው እያደገ መሄዱ። መፍትሔያቸው ይለያያል።

እያደገ የሚሄደውን አስቀድሚ። ጊዜው ከገባው ብዛት ጋር አብሮ የሚያድግ ከሆነ፣ አንድ አዲስ ረድፍ ሲገባ የቀደሙትን ሁሉ ዞሮ የሚያይ ነገር አለ። የራስሽ ስክሪፕት በስም ማጣራቱ አንዱ ተጠርጣሪ ነው። እኔ ግን ይበልጥ የምጠረጥረው ለድርጅታችሁ ተብሎ የተጨመረ ሞጁል ነው። ካለ ኮዱን ክፈቺና ደንበኛ ሲመዘገብ የሚሠራ ቼክ ፈልጊ። «ይህ ስልክ ሌላ ሰው ጋ አለ ወይ» የሚል ዓይነት። ሁሉንም ደንበኞች ከዳታቤዝ አምጥቶ በፓይተን ሉፕ አንድ በአንድ የሚያወዳድር ኮድ በዓይኔ አይቻለሁ። በቀን 5 ደንበኛ ለሚመዘግብ ሰው ምንም አይታወቀውም። 190,000 ሲመጣ ግን እያንዳንዱ ከሌላው ሁሉ ጋር ይወዳደራል። ከ15ኛው ቨርዥን ጀምሮ ኦዱ ውስጥ ፕሮፋይለር አለ። በ200 ረድፍ ላይ አስነሺው። ጊዜው የት እንደሚሄድ ቁልጭ አድርጎ ያሳይሻል። ሳይለኩ መጠገን አይሆንም፣ እኔ በግምት ብዙ ሌሊት አቃጥያለሁ።

አሁን ወደ 4 ደቂቃው።

ዳታ ከመያዜ በፊት ንብረት ክፍል ነበርኩ። ዕቃ ከመኪና ሲወርድ አንድ ካርቶን ተሸክሞ፣ በር ላይ አስመዝግቦ፣ ተመልሶ ሌላ ካርቶን የሚያመጣ የለም። ስክሪፕትሽ የሚያደርገው ግን ልክ ይህንን ነው። በእያንዳንዱ ጥሪ ኔትወርኩ ላይ ይመላለሳል፣ የይለፍ ቃሉ ይጣራል፣ ትራንዛክሽን (ወይ ሙሉ በሙሉ የሚገባ ወይ ሙሉ በሙሉ የሚመለስ የሥራ ጥቅል) ይከፈታል፣ ዲስክ ላይ ተጽፎ ይዘጋል። ለአንዱ ደንበኛ በስም ሲፈለግ ሌላ 4 ጥሪ አለበት። 190,000 ደንበኛ ስትዪ ወደ 1 ሚሊዮን ጥሪ ተጠጋሽ።

ከ12ኛው ቨርዥን ወዲህ መመዝገቢያው ዝርዝር ይቀበላል፣ 1,000 ደንበኛ ባንድ ጥሪ መስጠት ትችያለሽ። ለኢምፖርት ግን «ሎድ» የሚባለው ይሻላል። ስክሪኑ ላይ ፋይል ስትጭኚ ከኋላ የሚሠራው እሱ ነው። በአርፒሲም ይጠራል። የዓምዶቹን ስም ትሰጪዋለሽ፣ ከዚያ ረድፎቹን። ትልቁ ጥቅሙ ኤክስተርናል አይዲ መቀበሉ ነው። ለእያንዳንዱ ደንበኛ ከድሮው ኮድ ተነስተሽ አንድ የማይደገም መለያ ስጪ። ምድቡንም፣ አገሩንም፣ የሽያጭ ሠራተኛውንም በስም ሳይሆን በመለያ ጥሪ። ያኔ በስም መፈለጉ ይቀራል።

በስም መፈለግ የሚጎዳው በፍጥነት ብቻ እንዳይመስልሽ። በአማርኛ የተጻፈ ስም ካላችሁ «ዓለም» እና «አለም»፣ «ፀሐይ» እና «ጸሀይ» ለኮምፒውተሩ የተለያዩ ቃላት ናቸው። አንዱ ምድብ ሁለት ሆኖ ይፈጠርብሻል። መለያ ኮድ ይህ ጣጣ የለበትም።

ኤክስተርናል አይዲ ካለ ደግሞ ፋይሉን ደግመሽ ብትጭኚው ደንበኛው አይደገምም፣ ያው የነበረው ይታደሳል። ዛሬ ጠዋት የትኛው እንደገባ አላወቅሁም ብለሽ የለ? ይህ ያንን ጭንቀት ከነሥሩ ያወጣልሻል።

ባቹን (በአንድ ጥሪ የምትልኪውን የረድፍ ብዛት) በጣም አታተልቂው። «ሎድ» ውስጥ አንድ ረድፍ ከተበላሸ የዚያ ጥሪ ረድፎች በሙሉ ይመለሳሉ። 20,000 ልከሽ አንድ የተሳሳተ የአገር መለያ ሁሉንም ሊያስመልስብሽ ይችላል። እኔ ከ500 እስከ 2,000 ባለው ነው የምሠራው። በዚያ ላይ አንድ ትራንዛክሽን ብዙ ሲሸከም ሚሞሪው እያበጠ ራሱ መዘግየት ያመጣል።

ሌላው፣ ኦዱ አዲስ መዝገብ ሲፈጠር የታሪክ መልእክት ይጽፋል፣ መዝገቡን የሚከታተሉ ሰዎችን ይመዘግባል፣ የተለወጠውን ይከታተላል። ለኢምፖርት ይህ ሁሉ አያስፈልግም። ስትጠሪው ኮንቴክስቱ (ከጥሪው ጋር የሚላከው ተጨማሪ መመሪያ) ውስጥ «ትራኪንግ ዲሴብል» የሚለውን እውነት አድርገሽ ላኪ። ልዩነቱ ቀላል አይደለም። በሰዓት የሚነሱ አውቶማቲክ ሥራዎችንም አጥፊ። የሚወጣውን ኢሜይል ደግሞ የግድ ዝጊ! በሌሊት ለሺዎች ደንበኛ የድሮ ደረሰኝ መላክ የሚመለስ ስህተት አይደለም።

8 ቦታ ስትከፍዪ የተጋጨብሽ ደግሞ ምክንያት አለው። ኦዱ ሁለት ሰው አንድ ረድፍ ባንዴ ሲነካ አንደኛውን ይመልሰዋል። ጥያቄውን በራሱ ደጋግሞ ይሞክራል፣ ግን 5 ጊዜ ነው። የአንድ ኩባንያ ሠራተኞች በስምንቱ ፋይል ተበትነው ከሆነ ሁሉም ያንኑ የወላጅ መዝገብ ይሻማሉ። መክፈል ካለብሽ በወላጅ ኩባንያ አሰባስበሽ ክፈዪ። አንድ ኩባንያ ከነሠራተኞቹ አንድ ፋይል ውስጥ ይሁን። ኩባንያዎቹ ቀድመው ይግቡ፣ ሰዎቹ ቀጥሎ።

ስለ ኤስኪውኤሉ የማልደብቅሽ ነገር አለ። እኔ አድርጌዋለሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት የመጋዘን ዕቃ ብዛት በዝግታ ሲገባ ትዕግሥቴ አለቀና ቀጥታ ሰንጠረዡ ውስጥ ጨመርኩት። በደቂቃዎች አለቀ። ስክሪኑ ላይ ብዛቱ ይታያል፣ ደስ አለኝ። ሂሳብ ክፍል ወር ሲዘጋ ግን ዕቃው አለ፣ ወደ መጋዘን የገባበት እንቅስቃሴ የለም። ዋጋውም አልተመዘገበም። በሌላ ነገር ላይ ተመሥርተው ሲስተሙ ራሱ አስልቶ የሚያስቀምጣቸው ዓምዶች ባዶ ነበሩ። እስከዚያ ድረስ ሰው እላዩ ላይ ሽያጭ ሠርቶበታል። ለማስተካከል 3 ሳምንት ፈጀብኝ። የሰው ሪፖርት አበላሽቼ ነበርና አሁንም ሳስበው ይከብደኛል። ለደንበኛ፣ ለዕቃ፣ በተለይ ለደረሰኝና ለመጋዘን፣ በሲስተሙ በር ግቢ።

በመጨረሻ አንድ ጥያቄ። 190,000ው ሁሉ መግባት አለበት? ባለፉት 5 ዓመታት ምንም ያልገዛ ስንት ነው?

ኢንዴክስ

የዳታቤዙን ጎን ልጨምር።

ኤስኪውኤልን ለማጽጃ ተጠቀሚበት። ፖስትግሬስ (ኦዱ የሚጠቀምበት ዳታቤዝ) ውስጥ ከኦዱ ሰንጠረዦች ውጭ የሆነ ጊዜያዊ ሰንጠረዥ ፍጠሪ፣ ሁሉም ዓምድ ጽሑፍ ይሁን። ፋይሉን «ኮፒ» በሚለው ትእዛዝ ጫኚው። 190,000 ረድፍ በሰከንዶች ነው የሚገባው። የተደገመ ስልክ፣ ባዶ ስም፣ የሌለ ምድብ እዚያው በአንድ ጥያቄ ይወጣል። ንጹሑን አውጥተሽ በ«ሎድ» ታስገቢዋለሽ። ስህተትን ኢምፖርት መሃል ከማግኘት እዚህ ማግኘት በጣም ይረክሳል።

በኤክሴል አታሳልፊው። በ0 የሚጀምር ቁጥር ዜሮውን ይጥላል። ከ15 አሃዝ በላይ የሆነ ኮድ መጨረሻው ወደ ዜሮ ይቀየራል። የአማርኛ ፊደል ያለበትን ፋይል ደግሞ ዩቲኤፍ 8 (ፊደላችንን የሚይዘውን የአጻጻፍ ዓይነት) ሳትመርጪ ሲኤስቪ ብለሽ ብታስቀምጪው የአማርኛው ስም ሁሉ የጥያቄ ምልክት ሆኖ ነው የሚወጣው።

ቅንብር ላይ ለዚያ ቅዳሜና እሁድ ሁለት ነገር ብቻ እነካለሁ። «ማክስ ዋል ሳይዝ» (ዳታቤዙ ለውጦችን ቀድሞ የሚጽፍበት መዝገብ መጠን) ካልተቀየረ 1 ጊጋ ነው፣ ብዙ ሲጻፍ ቼክፖይንቱ (ሚሞሪ ላይ ያለውን ወደ ዲስክ ማውረዱ) ይደጋገማል፣ ወደ 8 ጊጋ ገደማ ከፍ አድርጊው። «ሲንክሮነስ ኮሚት»ን (እያንዳንዱ ትራንዛክሽን ዲስክ ላይ እስኪጻፍ መጠበቁን) ማጥፋት ይቻላል። መብራት ቢጠፋ የመጨረሻዎቹ ጥቂት ትራንዛክሽኖች ሊጠፉ ይችላሉ እንጂ ዳታቤዙ አይበላሽም፣ አንቺም ደግመሽ መጫን ትችያለሽ። «ኤፍሲንክ»ን (የተጻፈው በእርግጥ ዲስክ ላይ መድረሱን የሚያረጋግጠውን) ግን ማንም ቢመክርሽ አትንኪው። እሱ ሲጠፋ ዳታቤዙ ራሱ ሊበላሽ ይችላል።

ከእያንዳንዱ ትልቅ ኢምፖርት በኋላ «አናላይዝ» (ዳታቤዙ ስለ ሰንጠረዡ ያለውን ግምት የሚያድስ ትእዛዝ) አስኪጂ። ዳታቤዙ ሰንጠረዡ አሁንም ባዶ ነው ብሎ ካሰበ የተሳሳተ መንገድ ይመርጣል፣ ቀጣዩ ኢምፖርት ያለ ምክንያት ይጎተታል።

ኢንዴክሶችን (ዳታቤዙ ቶሎ የሚፈልግባቸውን ማውጫዎች) ነቅለሽ መልሰሽ ትከዪ የሚል ምክር ይመጣልሻል። ቀጥታ በ«ኮፒ» ለሚጭን ሰው ትክክል ነው። አንቺ በኦዱ በኩል ስትሄጂ ግን እነዚያው ኢንዴክሶች ለፍለጋ ያስፈልጉሻል። ተያቸው።

የሌሊት ፈረቃ

ሦስት ቀን ጠፍቼ ተመለስኩ። የሆነውን ልንገራችሁ።

ቆጥሮ ተረካቢ፣ የጠረጠርከው አልቀረም። ፕሮፋይለሩን በ200 ረድፍ አስነሳሁት። ከጊዜው አብዛኛው አንድ ቼክ ላይ ነው የሚሄደው። ከኔ በፊት የነበረ ባለሙያ የጻፈው ሞጁል ውስጥ ነው። ሁሉንም ደንበኞች ያመጣል፣ ከስልካቸው ላይ ክፍተትና ሰረዝ ያጠፋል፣ ከዚያ ከአዲሱ ጋር ያወዳድራል። ለእያንዳንዱ አዲስ ደንበኛ! የጸዳውን ስልክ የሚይዝ አንድ ዓምድ ጨምሬ ኢንዴክስ አደረግኩለት። ማጣራቱን ለዳታቤዙ ተውኩለት። ሌላ ምንም ሳልነካ ደግሜ ብሞክር የመጀመሪያውም የመጨረሻውም 1,000 እኩል 4 ደቂቃ ሆነ።

ከዚያ ስክሪፕቱን በ«ሎድ» እንደገና ጻፍኩት። ኤክስተርናል አይዲ፣ በ1,000 ባች፣ ትራኪንጉ ጠፍቶ። 1,000 ደንበኛ በ14 ሰከንድ ገባ። አላመንኩም፣ ስክሪኑን ከፍቼ አንድ በአንድ አየሁ። ትናንት ማታ 190,000ውን በሙሉ ቴስት ሰርቨር ላይ አስገባሁ፣ 45 ደቂቃ አካባቢ ፈጀ። አንድ ስክሪፕት ብቻ ነው የሮጠው። መክፈሉን ተውኩት፣ ለማተርፋት ግማሽ ሰዓት ብዬ ግጭት ውስጥ አልገባም።

ኢንዴክስ፣ ጊዜያዊ ሰንጠረዡ ውስጥ 1,140 የተደገመ ስልክ ወጣ። ግማሹ አንድ ኩባንያ ውስጥ የሚሠሩ ሰዎች የሚጋሩት ቁጥር ነው። እሱን ለሽያጭ ክፍል ሰጥቼ እየለዩልኝ ነው። ይህ ዓርብ ሌሊት ቢገጥመኝ ማንን ቀስቅሼ እጠይቅ ነበር?

ያልገዙትን ደንበኞች በተመለከተ ሂሳብ ክፍል ሁሉም ይግባ አለ። አልተከራከርኩም፣ በ14 ሰከንድ 1,000 ከገባ አያጣላም።

አሁን የቀረኝ ደረሰኙ ነው። 23,000ው 2 ሰዓት ተኩል ፈጀ። በሁለት ስክሪፕት ብሞክረው እንደገና ተጋጨብኝ።

ቆጥሮ ተረካቢ

ደስ ብሎኛል፣ ከልቤ ነው።

ደረሰኙን በአንድ ስክሪፕት ተይው። ሲጸድቅ ተከታታይ ቁጥር ይወጣለታል፣ ቁጥሩ ደግሞ መዝለል የለበትም። ስለዚህ አንዱ ሳይጨርስ ሌላው ቁጥር መውሰድ አይችልም፣ ስንት ብታስነሺ ተራ ነው የሚይዙት። 60 ሰዓት ላለው ሰው 2 ሰዓት ተኩል ችግር አይደለም። ከፈለግሽ ረቂቁን ዓርብ ማታ አስገቢና ማጽደቁን ለብቻው አስኪጂው፣ ሁለቱን መለየት ስህተት ሲመጣ ለመፈለግ ያመቻል።

የተረፈሽን ጊዜ ቆጠራ ላይ አውዪው። የረድፍ ብዛት ብቻ አትቁጠሪ። በድሮው ሲስተም ያልተከፈለው ጠቅላላ ድምርና በአዲሱ ያለው እስከ ሳንቲሙ እኩል ይሁን። ከዚያ በምድብ፣ ከዚያ በሽያጭ ሠራተኛ ከፍለሽ አወዳድሪ። ጠቅላላው እኩል ሆኖ ሁለት ምድብ ተቀያይሮ ያገኘሁበት ጊዜ አለ።

የሌሊት ፈረቃ

የማወዳደሪያውን ጥያቄ ዛሬ ጻፍኩት። በጠቅላላው እኩል ነው፣ በምድብ ግን አንዱ ላይ የ3 ደረሰኝ ልዩነት አለ። አንድ ልጠይቅ፦ ዓርብ ሌሊት መሃል ላይ ቢቋረጥብኝ ከየት ነው የምጀምረው?

ቆጥሮ ተረካቢ

እያንዳንዱ ባች ሲያልቅ ቁጥሩን ሎግ ፋይል ላይ ጻፊ። ሲቋረጥ ከመጨረሻው ከተጻፈው ቀጥሎ ያለውን አስነሺ። እሱ ገብቶ ቢሆን እንኳ በኤክስተርናል አይዲው ይታደሳል እንጂ አይደገምም። ደንበኞቹ ሲያልቁ አንድ ባክአፕ፣ ዕቃው ሲያልቅ አንድ፣ ደረሰኙ ከመጽደቁ በፊት አንድ ያዢ። የ3ቱን ደረሰኝ ልዩነት ግን ከዓርብ በፊት ፈልጊው። ምድባቸው ከደንበኛው ነው የሚመጣው ወይስ ከደረሰኙ? እዚያ ጀምሪ፣ ያገኘሽውንም እዚህ ጻፊልን።